አብሮ ማንበብ፡ የልጆች መጻሕፍትና የቤተሰብ ሰላም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክ በሁላችን ዘንድ የታወቀ ነው። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። መጽሐፉ በእጁ ነበረ፤ ማንበብም ይችል ነበር፤ የጎደለው አጠገቡ ተቀምጦ የሚመራው ሰው ነበር። ቅዱስ ፊልጶስ ወጥቶ አብሮት በተቀመጠ ጊዜ ንባቡ ወደ ማስተዋል፣ ማስተዋሉም ወደ ደስታ ተለወጠ (ሐዋ 8፥26-39)። ስለ ልጆችና ስለ መጻሕፍት ስንናገር መነሻችን ይህ ነው። ለልጅ መጽሐፍ መግዛት መልካም ነው፤ ቤተሰብን የሚያንጸው ግን ከልጁ ጋር ተቀምጦ ማንበብ ነው።

ይህ ጉዳይ በወልቂጤና በቡታጅራ ላሉ ቤተሰቦች የቅርብ ጉዳይ ነው። የጉራጌ ሕዝብ ለንግድና ለሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች መውጣት ከጀመረ ትውልድ አልፏል። አባት መርካቶ፣ እናት ወይም ታላቅ እህት ዓረብ አገር ሆነው ልጅ ከአያቱ ጋር የሚያድግበት ቤት አለ። ለመስቀል ሁሉም ወደ አገሩ ይገባል፤ ክትፎው ይቀርባል፣ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፣ ለልጁም አዲስ ልብስና ጫማ ይመጣለታል። በዓሉ አልፎ መንገደኛው ሲመለስ በልጁ ልብ ምን እንደ ቀረ ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። ልጁም ናፍቆቱንና ፍርሃቱን የሚገልጽበት ቃል አያገኝም። እኛም ዝምታውን ጨዋነት፣ ቁጣውን ብልግና ብለን እናልፈዋለን።

ታሪክ ልብን የሚከፍተው እንዴት ነው?

ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ሊገሥጽ በሄደ ጊዜ በቀጥታ በክስ አልጀመረም። ከአንዲት ጠቦት በቀር ምንም ስላልነበረው ድሃና ያችን ጠቦት ስለ ወሰደበት ባለጠጋ ነገረው። ዳዊት በሌላ ሰው ታሪክ ላይ ልቡ ነደደ፤ ፈረደም፤ ከዚያ በኋላ ራሱን አየ (2ኛ ሳሙ 12፥1-13)። ጌታችንም ሕዝቡን በምሳሌ ያስተምር ነበር።

የልጆች መጽሐፍም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ልጅን «ምን ሆንክ?» ብለው ቢጠይቁት «ምንም» ይላል። አባቱ ርቆ ስለ ሄደበት ልጅ አብረው ካነበቡ በኋላ «ይህ ልጅ ምን የተሰማው ይመስልሃል?» ቢሉት ግን ስለ ሌላው እየተናገረ የራሱን ያወጣል። ወጣቱም እንዲሁ ነው። በፈተና መውደቅን፣ ከጓደኛ መለየትን፣ የሰው ሞትን በልብ ወለድ ውስጥ ሲያገኝ መከራው የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል፤ ለመናገርም ይደፍራል።

የነበረንና ያለን ሀብት

ይህ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያመሰግን አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስም ያነሣል (2ኛ ጢሞ 1፥5)። በአገራችንም በእሳት ዳር ተረት የሚነግሩ አያቶች ልጆችን በምክር አሳድገዋል። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ያንኑ ወግ ለአሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቆይተውልናል። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ብዙ ትውልድ በትምህርት ቤት ያነበበው መጽሐፍ ነው። ከጉራጌ ምድር የወጡት ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ደግሞ የመንደራቸውን ሕይወት በቸሃ ቋንቋ ጽፈዋል፤ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታትሟል። በዚህም በቤቱ ጉራጊኛ የሚሰማ ልጅ ቋንቋው ለመጽሐፍ የሚበቃ መሆኑን ይማራል።

በቅርብ ዘመን ደግሞ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን እናገኛለን። በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ በቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ለኢትዮጵያውያን ልጆች በአማርኛ የተዘጋጀ መጽሐፍ እጥረት አሳሰባቸው። ወደ አገራቸው ተመልሰውም እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በሐዋሳ ደግሞ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጻሕፍት ወደ ልጆች እንዲደርሱ አደረጉ። አህያና ጋሪ በወልቂጤም በቡታጅራም አይጠፉም።

«መንፈሳዊ ያልሆነ መጽሐፍ ለልጆቻችን ይገባልን?» ብለው የሚጠይቁ ምእመናን አሉ። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግሪክን ሥነ ጽሑፍ ለሚማሩ ወጣቶች በጻፈው ምክር ንብን ምሳሌ አድርጓል። ንብ ወደ አበባ ሁሉ እኩል አትሄድም፤ ከሄደችበትም የሚጠቅማትን ወስዳ ሌላውን ትተዋለች። ስለዚህ ወላጅ አስቀድሞ ያንብብ፤ ይምረጥ፤ ከልጁም ጋር ይወያይ።

ምን እናድርግ?

በቤት፣ ከማታው ጸሎት በፊት ሩብ ሰዓት በቂ ነው። ስልክና ቴሌቪዥን ይዘጉ፤ ልጁ ያንብብ፣ ታላቁ ያድምጥ፤ ቀጥሎም ይለዋወጡ። መጽሐፉ ሲያልቅ ወዲያው ወደ ተግሣጽ አንሂድ፤ የልጁን ሐሳብ አስቀድመን እንስማ። ማንበብ የማይችሉ አያት ቢሆኑ ልጁ ያነብላቸዋል፤ እርሳቸው ደግሞ በጉራጊኛ የሚያውቁትን ተረት ይመልሱለታል። በሩቅ ያለ አባትም ከአንድ መጽሐፍ ሁለት ቅጂ ገዝቶ አንዱን ለልጁ ይላክ፤ በሳምንት አንድ ምሽት በስልክ አብረው ያንብቡ። «ምን ልላክልህ?» ብቻ ይባባሉ የነበሩ አባትና ልጅ በዚህ ሌላ ወሬ ያገኛሉ።

በሰንበት ትምህርት ቤት ደግሞ አንድ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ አንድ የውሰት መዝገብና አንድ ኃላፊነት የሚሰማው መምህር ለመጀመር ይበቃሉ። ከገድላትና ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ጋር ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጓደኝነትና ስለ ኀዘን የሚናገሩ መልካም የልጆች መጻሕፍት ይቀመጡ።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። መጽሐፍ የልብን በር ይከፍታል እንጂ ሕመምን ሁሉ አይፈውስም። ቡታጅራ የአእምሮ ጤና ጥናት ከተካሄደባቸው የአገራችን አካባቢዎች በቀዳሚነት የምትጠራ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረ ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀዋል። ይህ ሕመም በመካከላችን ያለ እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ልጃችን እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከሸሸ፣ መሞትን ካነሣ ለንስሐ አባቱ እንንገር፤ ሳንዘገይም ወደ ሐኪም እንውሰደው። ጸሎቱና ጠበሉ ከሕክምናው ጋር አይጣሉም፤ የመድኃኒትም ባለቤት እግዚአብሔር ነውና።

ውድ ምእመናን፣ ለመጪው መስቀል ስንገባ ከልብሱና ከጫማው ጋር አንድ መጽሐፍ በሻንጣችን እንያዝ። ከሁሉ በላይ ግን መጽሐፉን ከልጃችን ጋር የምናነብበት ምሽት እናዘጋጅ። ልብሱ ያልቃል፤ ጫማው ይጠበዋል፤ ከአባቱ ጋር ያነበበው ግን አብሮት ያድጋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።