ከክፍል ውጭ የሚሠራ ሥራና የአሜሪካ ኰሌጆች የተማሪ አመራረጥ

በአገራችን አንድ ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ከሁሉ በፊት በአገር አቀፉ ፈተና ባገኘው ውጤት ነው። ከብዙ አመልካቾች ጥቂቶቹን ብቻ በሚቀበሉት በአሜሪካ ኰሌጆች ዘንድ ግን ከውጤቱ ጋራ «ከክፍል ውጭ ምን ሠርተሃል?» የሚል ጥያቄ ይቀርባል። ወደዚያ ለማመልከት የሚያስቡ ጓደኞቻችን በዚህ ጥያቄ ሲቸገሩ ስለምናይ፣ ጥያቄው ከየት እንደ መጣና እንዴት እንደሚመዘን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ እንሞክራለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የጥያቄው ታሪክ ንጹሕ አይደለም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሐርቫርድ ተማሪ የሚቀበለው ይበልጡን በፈተና ነበር። በዚህም መንገድ የሚገቡት የአይሁድ ልጆች ቁጥር ሲጨምር፣ ፕሬዚዳንቱ ሎረንስ ሎዌል በ1922 ቁጥራቸው እንዲወሰን ሐሳብ አቀረቡ። ግልጽ ገደብ ማድረጉ ተቃውሞ ስለ ገጠመው፣ በ1926 «ጠባይ» የሚባለው ነገር በአመራረጡ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ ተሰጠው፤ የአይሁድ ተማሪዎችም ቁጥር ቀነሰ። የኅብረተሰብ ጥናት ሊቁ ጀሮም ካራቤል በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ የሐርቫርድን፣ የየልንና የፕሪንስተንን ታሪክ በዚሁ ረገድ በሰፊው መርምረዋል።

ዛሬ ጥያቄው የሚያገለግለው ለሌላ ችግር ነው። በ2024 ለሐርቫርድ 54,008 ተማሪዎች አመልክተው የተፈቀደላቸው 1,937 ብቻ ናቸው። ከአመልካቾቹ ብዙዎቹ ከፍተኛ ውጤት ያላቸው ስለሆኑ፣ በውጤት ብቻ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። በ2018 በቦስተን በተካሄደው የፍርድ ቤት ክርክር እንደ ታየው፣ ኰሌጁ ለትምህርት፣ ከክፍል ውጭ ለሚሠራ ሥራ፣ ለስፖርትና ለግል ጠባይ ለየብቻ ነጥብ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማኅበር ማብዛት የሚጠቅም ስለሚመስለው ነው። ብዙ ኰሌጆች በጋራ የሚጠቀሙበት «ኮመን አፕሊኬሽን» የተባለው ማመልከቻ ከ10 በላይ ሥራ አያስመዘግብም፤ ለእያንዳንዱም መግለጫ የሚፈቅደው 150 ፊደል ያህል ነው። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ የሚጠይቀው 4 ሥራ ብቻ ነው። እንዲህ ባለው ጠባብ ቦታ የማኅበር ስም መደርደር ስለ ሰውየው የሚነግረው ጥቂት ነው። በአሥር ክበብ ስሙ ከተጻፈ ተማሪ ይልቅ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ለሰፈሩ ሕፃናት ሒሳብ ያስተማረው ይታወቃል፤ ይኸውም ሥራው ጊዜ የወሰደ፣ ኀላፊነት ያለበትና የአስተማሪዎቹ ደብዳቤ ሊመሰክርለት የሚችል ስለሆነ ነው።

ይሁን እንጂ መመዘኛው ለሀብታም ያደላል። ራጅ ቼቲና ባልደረቦቻቸው በ2023 ባወጡት ጥናት፣ የፈተና ውጤታቸው እኩል ሆኖ ሳለ፣ ከመቶ አንድ እጅ ከሚሆኑት እጅግ ሀብታም ቤተ ሰቦች የተወለዱት በ12ቱ ታላላቅ ኰሌጆች የመማር ዕድላቸው ከመካከለኛ ኑሮ ልጆች ከሁለት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይተዋል። ከምክንያቶቹም አንዱ ከትምህርት ውጭ ላለው ነገር የሚሰጠው ነጥብ ነው። በ2019 ደግሞ አንዳንድ ወላጆች ገንዘብ ከፍለው ልጆቻቸውን ተጫውተው በማያውቁት ስፖርት ስፖርተኛ አስመስለው በማቅረባቸው ተከሰዋል።

ይህን ጕድለት ለማቃናት ጥረት አልጠፋም። በ2016 በሐርቫርድ የትምህርት ፋኩልቲ የተዘጋጀ አንድ መግለጫ፣ ለቤተ ሰብ የሚደረግ አገልግሎት እንደ ማንኛውም ሥራ እንዲቈጠር አሳሰበ። ዛሬ በጋራው ማመልከቻ ላይ የቤተ ሰብ ኀላፊነት ራሱን የቻለ ክፍል አለው።

ለእኛ ዋናው ነገር ይህ ነው። ከትምህርት በኋላ በአባቱ ሱቅ የሚሸጥ፣ ታናናሾቹን የሚያስጠና፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ወይም በዋሽንግተን አካባቢ ተወልዶ ለእናቱ በሐኪም ቤት የሚያስተረጕም ልጅ «ምንም አልሠራሁም» ብሎ ቦታውን ባዶ ሲተው ያለ በቂ ምክንያት ራሱን ይጎዳል። የሠራውን ሥራ ከነሰዓቱና ከነዓመቱ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይጻፍ። በወረቀት ላይ እንዲታይ ብቻ ተብሎ የተቋቋመ ማኅበር ከዚህ እንደማይበልጥ እናምናለን።