ባቡሩ ገዳሪፍ ደርሶ መተማ ለምን ሳይመጣ ቀረ?

ሸሕዲ ላይ ሰሊጥ ሲደርስ መንገዱን የሚሞላው አይሱዙና ተሳቢ ነው። ጫኝና አውራጅ ኩንታሉን እየተሸከመ መኪና ላይ ይደረድራል፤ ሹፌሩም የጭልጋን ዳገት ተያይዞ ወደ ጎንደር ይወጣል። እዚህ ባቡር የሚባል ነገር የለም። ከመተማ ዮሐንስ ድንበር ማዶ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ገዳሪፍ ግን ሐዲድ ከተዘረጋ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ታዲያ ወዲህ ያልተሻገረው ለምንድን ነው?

ነገሩን ከአንድ ውል እንጀምር (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በግንቦት 1902 አፄ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን የተፈራረሙት ውል በአካባቢያችን የሚታወሰው መተማን ለኢትዮጵያ፣ ጋላባትን ለሱዳን አድርጎ ድንበሩን በመካከላቸው ስላሳለፈ ነው። አምስተኛውን አንቀጽ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። እንግሊዝ ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ ሐዲድ በኢትዮጵያ መሬት እንድትዘረጋ ይፈቅዳል። ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን በባቡር የመድረስ ምኞት የነገሠበት ዘመን ነበር። መስመሩ አልተሠራም፤ ቢሠራም የመተማን ገበያ አስቦ አልነበረም።

በ1906 ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ለንደን ላይ ተፈራርመው የኢትዮጵያን የባቡር መስመር ሥራ ተከፋፈሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚዘረጋው ለእንግሊዝ ደረሰ። በተግባር የተሠራው ግን የፈረንሳዮቹ ብቻ ነው፦ በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር። የአገሪቱ የውጭ ንግድ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ሲያዞር የመተማ በር ለነጋዴው የጓሮ በር ሆነ።

የሱዳኑ ሐዲድ የተወለደው በጦርነት ነው። የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር መሐዲስቶችን (ድርቡሾችን) ለመውጋት በ1897 ከዋዲ ሃልፋ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ ዘረጋው፤ በ1899 ማብቂያ ካርቱም አጠገብ ደረሰ። ፖርት ሱዳን በ1906 ተገናኘች። ወደ እኛ የቀረበው ክፍል ግን የጥጥ ልጅ ነው። በ1924 ከሰላ የገባው የጋሽ ወንዝ አካባቢን ጥጥ ፍለጋ ነበር። ከዚያ በገዳሪፍ አልፎ በ1929 ሴናር ሲደርስ ለገዚራ ጥጥ ወደ ባሕር ሁለተኛ መውጫ ተገኘ። ካርታውን ያየ ሰው ይረዳዋል፦ መስመሩ ከሰሜን ወርዶ ገዳሪፍ ላይ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል፤ ጀርባው ለመተማ ነው። ወደ ድንበሩ ለመድረስ በጣም የተጠቀሙበት ወታደሮች ሳይሆኑ አይቀሩም። እንግሊዞች በኅዳር 1940 ጋላባትን ከጣልያን ለማስለቀቅ ሲዋጉ ስንቁ እስከ ገዳሪፍ በባቡር፣ ከዚያ በመኪና ነበር የሚመጣው።

ፖለቲካው ቢስተካከልስ? ገና የመሬቱ አቀማመጥ ጉዳይ አለ። ከገዳሪፍ እስከ ሸሕዲ ያለው ቆላ ሜዳማ ነው፤ የሚያስቸግረው በክረምት የሚያብጠው፣ በበጋ የሚሰነጠቀው ጥቁር አፈርና እንደ ጓንግ ያሉት ወንዞች ናቸው። ድልድይና ጥሩ ሙሌት ካለ ይቻላል። ከባዱ ከዚያ በላይ ነው። ሸሕዲ ከባሕር ወለል በላይ 750 ሜትር አካባቢ ናት፤ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ያለችው አይከል ግን ከ2,000 ሜትር በላይ። የጭነት ባቡር በ100 ሜትር ጉዞ ከ1 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ቢወጣ ነው፤ ከዚያ ካለፈ መንኮራኩሩ ይንሸራተታል፣ የሚጎትተውም ጭነት ይቀንሳል። በ100 ሜትር 1.5 ሜትር ብንል እንኳ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ እረፍት መውጣት አለበት። ይህ ማለት ጥምዝምዝ መስመር፣ ዋሻና ብዙ ገንዘብ ነው።

ሌላው እንቅፋት የሐዲዱ ስፋት ነው። በሱዳን መስመር ላይ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት 1,067 ሚሊ ሜትር ነው፤ አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ደግሞ 1,435። ልዩነቱ ስንዝር ተኩል ያህል ቢሆንም ፉርጎ ከአንዱ ወደ ሌላው አያልፍም። ድንበር ላይ ጭነቱን ማውረድና እንደገና መጫን ግድ ይላል፤ ለጫኝና አውራጁ እንጀራ ነው፣ ለነጋዴው ወጪ።

እቅድ ግን ጠፍቶ አያውቅም። በአገሪቱ የባቡር መረብ እቅድ ላይ ከወልድያ ወደ ወረታ፣ ከወረታ በአዘዞ አድርጎ መተማ የሚደርስ መስመር ተሰምሯል። ለዚህ ግን ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ቀድሞ ሥራ መጀመር አለበት፤ እሱም በገንዘብ እጦትና በሰሜኑ ጦርነት ተጎድቷል። የአፍሪካ ልማት ባንክም ከአዲስ አበባ በካርቱም ፖርት ሱዳን ለሚዘልቅ መስመር የአዋጭነት ጥናት ገንዘብ መድቦ ነበር፤ በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ፈነዳ።

በእኔ ግምት ርካሹ ከሸሕዲ እስከ ገዳሪፍ ያለው ሜዳ ነው፤ ቁልፉ ግን በሱዳን እጅ ነው። የጎንደሩ ዳገት በእኛ እጅ ቢሆንም ሰሊጥና ጥጥ ብቻውን አይከፍለውም፤ ምርቱ የጥቂት ወራት ነውና። ነዳጅና ማዳበሪያ ከፖርት ሱዳን በዚህ በር የገባባቸው ዓመታት ነበሩ። ፉርጎው ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው እነዚያን ጭኖ ከወጣ፣ ሰሊጡን ጭኖ ከወረደ ነው።