ኬጁ 96 ይላል፤ ቆላው 72

በጂንካ ወይም ወደ ቱርሚና ኦሞራቴ በሚወስደው መንገድ እንቁላል ጣይ ዶሮ ለማርባት ያሰበ ባለሀብት አስቀድሞ የሚጠይቀው የኬጁን ዋጋ ነው። ደላላው መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ «ባለ ሦስት ደርብ ነው፣ 96 ዶሮ ይይዛል» ይለዋል። ሒሳቡ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ቁጥሩ የመጣው እንዲህ ነው። ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ደርብ፣ በየደርቡ አራት ክፍል፣ በየክፍሉ አራት ዶሮ ሲቆጠር 96 ይሆናል። አንዱ ክፍል 40 በ45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለአንዷ ዶሮ የሚደርሳት 450 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ያነሰ ቦታ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛውን ስፋት 550 አድርጎ፣ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ቆጥና መጣያ የሌለውን ባዶ ኬጅ ጨርሶ ከልክሏል።

ለደቡብ ኦሞ ዋናው ጉዳይ ሙቀቱ ነው። ዶሮ አታልብም፤ ሙቀቷን የምታስወጣው በማለክለክ ነው። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ይስማማታል። 30 ሲያልፍ መኖ ትቀንሳለች፣ የእንቁላሏ ቅርፊትም ይሳሳል። ከ35 በላይ ሲሆን ሞት ሊከተል ይችላል። ጂንካ ከባሕር ወለል ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ጥቂት ትሻላለች። ኦሞራቴ ግን ከ500 ሜትር በታች ናት።

ስለዚህ በየክፍሉ ሦስት ዶሮ ማስገባት ይበጃል። ያን ጊዜ ለእያንዳንዷ 600 ይደርሳታል፤ ኬጁም የሚይዘው 72 ይሆናል። ኬጁ 36,000 ብር ተጠራ እንበል። ለ96 ሲካፈል የአንዷ ቦታ 375 ብር ይመስላል፤ ለ72 ሲካፈል 500 ብር ነው። ትክክለኛው ወጪ ሁለተኛው ነው።

ቅርጹም ይታሰብበት። ደርቦቹ ቀጥ ብለው የተደራረቡበት ኬጅ ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ያለ ማራገቢያ አይሆንም፣ መብራት ሲጠፋም አየሩ ይታፈናል። እንደ ደረጃ ወደ ጎን እየሰፋ የሚወርደው ነፋስ ያሳልፋል። ቤቱም ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሆኖ፣ ጎኖቹ በወንፊት ሽቦ ቢሠሩ ፀሐዩ ከጎን አይገባም።

ውኃም አይዘንጋ። 72 ዶሮዎች በቀን ወደ 8 ኪሎ መኖ ሲበሉ በደህናው ቀን ወደ 16 ሊትር ይጠጣሉ፤ ሙቀት ሲበረታ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ጥቂት ቄቦች ይዞ ለሚጀምር፣ መብራትም ለማያስተማምንበት ሰው ኬጁ ቢቀርስ? ሰጋቱራ ወይም ገለባ የተነጠፈበት ወለል፣ በካሬ ሜትር አምስት ዶሮ፣ ከቆጥ ጋር ይበቃዋል። በምትኩ ንጣፉን ማድረቅና በሽታ መጠበቅ የየዕለት ሥራ ይሆንበታል።

ኬጅ የሚገዛ ግን ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ሜትር ይዞ ክፍሉን ይለካ። ደላላው የሚሸጠው ሽቦ ነው፤ ባለሀብቱ የሚሸጠው እንቁላል ነው።