ብትወድቅ የማታስለቅስ አይሮፕላን

አይሮፕላን ለመንዳት የሚመኝ ሰው ብዙ ነው፤ የሚነዳው ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ ትምህርቱ ረዥም፥ ወጪው ከባድ፥ አደጋውም የሕይወት ነው። ስለዚህ የአብዛኞቻችን የመብረር ምኞት በልጅነታችን ከደብተር መካከል ገንጥለን ባጠፍናት የወረቀት አይሮፕላን ተጀምሮ እዚያው ይቀራል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወራ ያሰብነው በወረቀቷና በእውነተኛዋ መካከል ስላለች ስለ ሌላ ዓይነት አይሮፕላን ነው። ይህችን አብራሪዋ መሬት ላይ ቆሞ በራዲዮ ይመራታል፤ ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ያነሰ ነው፤ የምትበረውም ለጨዋታ ብቻ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት፥ በካላማዙ ከተማ፥ ዋልተርና ዊሊያም ጉድ የተባሉ መንትያ ወንድማማቾች «ገፍ» ብለው የሰየሟትን አይሮፕላን በራዲዮ እየመሩ ያበረሩት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1937 ዓ.ም. ነበር። በሚከተለው ዓመት በአገር አቀፉ ውድድር አሸነፉባት። ዛሬ ይህች አይሮፕላን የስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ቤተ መዘክር ንብረት ናት። ነገር ግን ትንሽ አልነበረችም፤ ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 8 ጫማ ያህል ነበር። የዚያ ዘመን ራዲዮና ባትሪ ከባድ ስለ ነበረ ያን የሚሸከም ሰፊ ክንፍ ያስፈልግ ነበር።

ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ሥራው የትዕግሥተኞችና የባለ ገንዘቦች ሆኖ ኖረ። ባልሳ የተባለውን ቀላል እንጨት በምላጭ እየቈረጡ፥ አንዱን ስንጣሪ ከሌላው እያጣበቁ፥ ወራት የፈጀችውን አይሮፕላን በመጀመሪያው ቀን አፍንጫዋን መሬት ላይ ስትተክል ማየት ልብ ይሰብራል። የአብራሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ሁለት ሰዎች በአንድ የሞገድ ቁጥር ራዲዮአቸውን ከከፈቱ አይሮፕላን መውደቁ አይቀርም ነበር። ስለዚህ በየክበቡ ሜዳ ሰሌዳ ይቆማል፤ የልብስ መቈንጠጫ ለየቁጥሩ ይመደባል፤ የቁጥሩን መቈንጠጫ ያልያዘ ሰው ራዲዮውን እንዳይከፍት ይከለከላል። እያንዳንዱ ራዲዮ ከራሱ አይሮፕላን ጋር ብቻ የሚነጋገርበት የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ሲስፋፋ ይህ ሥርዓት ከሞላ ጎደል ለትዝታ ቀረ።

ዋጋውን ያረከሰው ግን ከሁሉ ይልቅ የገላዋ መለወጥ ነው። በሁለት ስስ ወረቀት መካከል የተያዘ ፎም ቦርድ የሚባል ነጭና ቀላል ነገር አለ፤ የአሜሪካ ተማሪዎች ሥዕልና ማስታወቂያ የሚለጥፉበት ነው። አንዱ ገበታ፥ 51 ሳንቲ ሜትር በ76፥ በዝቅተኛ ዋጋ በሚታወቁት የዶላር ትሪ መደብሮች ለብዙ ጊዜ በአንድ ዶላር ይሸጥ ነበር፤ በ2021 ዓ.ም. መደብሩ ዋጋውን ወደ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ከፍ አደረገ። በኦሃዮ የተነሣው ፍላይት ቴስት የተባለው ቡድን ከዚህ ገበታ አይሮፕላን ቈርጦ ማጠፍን ለሕዝብ አስተማረ፤ ንድፉንም ለፈለገ ሁሉ በነፃ ሰጠ። መሣሪያው ምላጭ፥ ማስመሪያና በሙቀት የሚቀልጥ ማጣበቂያ ነው። አንድ ማታ ከሰዓት በላይ የተቀመጠ ሰው ክንፉን ጨርሶ ይነሣል።

እርግጥ ነው፥ ሞተሩ፥ ባትሪውና ራዲዮው ከገላዋ እጅግ ይበልጥ ያስወጣሉ። ነገር ግን እነዚህ ከተሰበረችው ተነቅለው ወደ ሌላዋ ይዛወራሉና አንድ ጊዜ የተገዙ ለብዙ አይሮፕላኖች ያገለግላሉ። ክንፏንም ከገላዋ ጋር በማጣበቂያ ሳይሆን በላስቲክ ማሰር የተለመደው በብልኀት ነው፤ መሬት ስትመታ ላስቲኩ ይለቅና ክንፉ ሳይሰበር ይወረወራል። ፕሮፔለሩንም እንዲሁ በላስቲክ የሚይዙ አሉ። ውድ አይሮፕላን የገዛ ጀማሪ እጁ እየተንቀጠቀጠ ያበራል፤ ብዙ ጊዜም ከግድግዳ ላይ ሰቅሏት ይቀራል። የርካሿ ባለቤት ግን በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ጥሏት፥ አምስት ጊዜ ለጥፎ ያነሣታል። እኛ እንደሚመስለን ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መውደቅ የሚበዛውም ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ለፎቶግራፍ የሚያገለግለው ባለ አራት ፕሮፔለሩ ድሮን እጅ ቢለቁት በአየር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ክንፍ ያላት አይሮፕላን ግን መቆም አታውቅም፤ የሚደግፋት በክንፏ ላይ የሚያልፈው አየር ነውና ፍጥነቷ ሲሞት ትወድቃለች። ጀማሪው መሬቱ ሲቀርብበት ደንግጦ ዘንጉን ወደ ራሱ ይስባል፤ አፍንጫዋ ይቀናል፥ ፍጥነቷ ይጠፋል፥ የፈራውም ይደርሳል። መድኀኒቱ ዘንጉን ለቀቅ አድርጎ ፍጥነቷን እስክታገኝ መታገሥ ነው፤ ለዚህም ከፍታ ያስፈልጋል። ሰዎቹ «ሦስት ጊዜ ለመሳሳት በሚበቃ ከፍታ ብረር» የሚሉት ስለዚህ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግራና ቀኝ ነው። አይሮፕላኗ ከእኛ ስትርቅ ግራችን ግራዋ ነው፤ ዞራ ወደ እኛ ስትመጣ ግን ይገለበጣል። አእምሮ በዚያች ቅጽበት ሲደናበር ብዙ ገበታ አልቋል። ልምድ ያላቸው ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር ወደ እኛ ስትመጣ ክንፏ ባዘነበለበት በኩል ዘንጉን መግፋት ነው፤ ያዘነበለውን ክንፍ ከሥሩ እንደ መደገፍ ያለ ነው።

ሚዛኗም አለ። ከክንፏ የፊት ጠርዝ ጀምሮ ከወርዱ ከሩብ እስከ ሲሶ በሚሆነው ስፍራ ላይ፥ ከሥር በሁለት ጣት ጫፍ ስትያዝ አግድም መቆም አለባት። ካልሆነ ባትሪውን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ ነው። አፍንጫዋ የከበደ በደንብ አትበርም፥ ጭራዋ የከበደ ግን አንዴ ብቻ ትበራለች ይላሉ፤ ፌዝ ቢመስልም እውነት ነው።

ጨዋታ ነው ብሎ መናቅ ግን አይገባም። የሚዞር ፕሮፔለር ጣት ይቈርጣል፤ የሊቲየም ባትሪም ያበጠ ወይም የተወጋ እንደ ሆነ እሳት ያነሣልና ሲሞላ ትቶት መሄድ አይገባም። በአሜሪካ ሕግ ለመዝናኛ የሚያበር ሰው አይሮፕላኑ ከ250 ግራም በታች ከሆነ አያስመዘግባትም፤ ነገር ግን አጭር የደኅንነት ፈተና ያልፋል፥ ከዓይኑ አያርቃትም፥ ከትልልቅ አይሮፕላን ማረፊያዎች ርቆም ከ400 ጫማ በላይ አያወጣትም። ሕጉ በየአገሩ ይለያያልና ሞተር ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይበጃል።

ለመጀመሪያው ቀን ነፋስ ያልተነሣበት ማለዳና ረዘም ያለ ሣር ያለበት ሜዳ ይመረጣል፤ ሣሩ ስትወድቅ ይቀበላታል። የክንፏ ላይና ታች በሁለት የተለያየ ደማቅ ቀለም ቢለጠፍ ሆዷን ይሁን ጀርባዋን የምታሳየን በሩቅ ይታወቃል፤ ከሣሩም ውስጥ ቶሎ ትገኛለች።