ለአስተዳዳሪነት የሚታጭ ወጣት እንዴት ይመረጣል?

ለአስተዳዳሪነት የሚታጭ ወጣት በፈታኞች ፊት ሲቀርብ ልቡ ቢመታ፣ ምላሱም ቢደርቅ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ከእርሱ ይልቅ ሊያስቡበት የሚገባቸው ፈታኞቹ ናቸው። ወጣቱ ቢወድቅ የሚያጣው አንድ የሥራ ቦታ ነው፤ ፈታኞቹ ቢሳሳቱ ግን የሚጎዳው የአንድ ወረዳ ሕዝብ ነው። ለዚህም ከጎረቤታችን ከሱዳን ታሪክ ትምህርት ይገኛል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዝ ከግብፅ ጋር ሆና ሱዳንን በያዘችበት ዘመን፣ ማለት ከ1899 ጀምሮ፣ አገሩን ያስተዳድሩ የነበሩት «የሱዳን ፖለቲካ አገልግሎት» በሚባለው ክፍል የተቀጠሩ ሹማምንት ናቸው። እስከ 1955 ድረስ የገቡት በጠቅላላው 400 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ተማሪዎች ነበሩ። ለሕንድ አስተዳደር የጽሑፍ ውድድር ሲደረግ፣ ለሱዳን ግን የሚመረጡት በቃል ጥያቄ ነበር። ፈታኞቹም የወጣቱን ጠባይ፣ አነጋገርና በስፖርት ያሳየውን ብርታት ይመለከቱ ነበር።

ይሁን እንጂ በቃል ጥያቄ የተመረጠው ሰው ወዲያው ሹም አይሆንም። አስቀድሞ ዓረብኛ ይማራል፤ ከዚያም በሙከራ ላይ ሆኖ እየሠራ የዓረብኛና የሕግ ፈተና ማለፍ ይገባዋል። ያላለፈ ቋሚ ሹመት አያገኝም ነበር።

የቋንቋን ጥቅም ለመረዳት ገዳሪፍን መመልከት ይበቃል። በዚህች ከተማና ከመተማ ፊት ለፊት ባለችው በገላባት ዓረብኛ፣ ትግርኛና አማርኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በገዳሪፍ አካባቢ በትራክተር ማረስ ከተጀመረ ወዲህ እርሻው እየሰፋ ሄዷል፤ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችም ማሽላና ሰሊጥ ለማጨድ ለብዙ ዓመታት ድንበር ሲሻገሩ ኖረዋል። ሰሊጥ በደረሰ ጊዜ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው በመሬት ላይ ይረግፋል። በዚህ የጥድፊያ ወራት ሠራተኛውና ባለእርሻው በደመወዝ ቢጣሉ፣ የሁለቱንም ቃል የማይሰማ ሹም ፍርዱን በአስተርጓሚው አፍ ላይ ይጥላል።

በዚያ አመራረጥ ውስጥ ግን ትልቅ ጉድለት ነበረ። ፈታኞቹ የሚመርጡት እነርሱን የሚመስለውን ነው። በካርቱም በ1902 በተከፈተው በጎርዶን ኮሌጅ የተማሩ ሱዳናውያን ዓረብኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሆኖ ሳለ፣ ለረዥም ጊዜ ከጸሐፊነት፣ ከመምህርነትና ከበታች ሹመት በላይ አልተፈቀደላቸውም። ሥራውን ለአገሩ ተወላጆች የሚያስረክብ ኮሚቴ የቆመው በ1954 ነው፤ ሱዳንም ነፃነቷን ያገኘችው በጥር 1 ቀን 1956 ነው። በእኛም አገር የመንግሥት ሠራተኞች ቅጥር በሥርዓት እንዲመራ የማዕከላዊ ሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት በ1961 ተቋቁሟል።

እንግዲህ ፈታኝ የሆነ ሰው ሦስት ነገር ቢጠብቅ መልካም ነው። አንደኛ፣ ለሁሉም እጩዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቅርብ፤ የአባት ስምና የትምህርት ቤት ዝና መልስ እንዳይሆን። ሁለተኛ፣ «ጠባይህ እንዴት ነው?» ከማለት ይልቅ እንደ ሰሊጡ ያለ እውነተኛ ጉዳይ አቅርቦ «አንተ ብትሆን ማንን አስቀድመህ ትሰማለህ?» ብሎ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ በቃል ጥያቄው ብቻ ሳይወሰን፣ የሙከራውን ጊዜ እንደ ዋናው ፈተና ይቁጠረው።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አባቶች። ይህን ገጽ አማርኛ ለመማር የምታነቡ ባለሥልጣኖች ሆይ፣ ሰዋስው ያደከማችሁ እንደ ሆነ ይህን አስቡ፦ አንድ ቀን አንዲት ባልቴት በጽሕፈት ቤታችሁ ደጅ ቆማ አቤት ትላለች፤ ያን ጊዜ ፈታኟ እርስዋ ናት።