የጓደኛ ስም በኪራይ ውሉ ላይ፦ ከዋሽንግተን ወደ ሸናንዶዋ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች፣ በተለይም በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ የሚኖር ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርበትን አገር የሚያውቀው በሥራው መንገድ ልክ ነው። ከቤቱ እስከ ሥራው፣ ከሥራው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም እስከ መስጊዱ ያለውን መስመር ዓይኑን ጨፍኖ የሚሄድበት ሰው፣ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚጀምረውን የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ለዓመታት ሳያየው ሊቀር ይችላል። ምክንያቱ የጊዜ ማጣት ብቻ አይደለም፤ ሜትሮ የሚባለው የከተማ ባቡር በብርቱካናማው መስመር ቪየና ጣቢያ ላይ ያበቃል፣ እስከ ፓርኩ የሚደርስ የሕዝብ ማመላለሻም የለም። የራሱ መኪና የሌለው ሰው እዚያ የሚደርስበት ቀላሉ መንገድ ለአንድ ቀን መኪና መከራየት ሲሆን፣ ወጪውን የሚጋራና መሪውን የሚቀበል ጓደኛ ከተገኘ ጉዞው በገንዘብም በድካምም ይቀልላል።

በኢትዮጵያ መኪና መከራየት ሲባል ብዙ ጊዜ ሾፌሩ አብሮ ይመጣል፤ በአሜሪካ ግን ተከራዩ ራሱ ሾፌር ነው፣ ኃላፊነቱም ከሞላ ጎደል በእርሱ ላይ ይወድቃል። ውሉ የሚፈረመው በአንድ ሰው ስም ሲሆን፣ ኩባንያው ከኪራዩ በላይ የሆነ ገንዘብ መያዣ አድርጎ በካርዱ ላይ ያግዳል፤ የታገደው ገንዘብ መኪናው በደህና ሲመለስ ይለቀቃል። የክሬዲት ካርድ ታሪክ ያልገነባ አዲስ መጤ በዴቢት ካርድ፣ ማለትም በቀጥታ ከባንክ ሒሳቡ በሚቆርጠው ካርድ፣ ለመከራየት ሲሞክር ተጨማሪ ማስረጃ ሊጠየቅ ወይም ጨርሶ ሊከለከል ስለሚችል ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። ዕድሜው ከ25 ዓመት በታች የሆነ ተከራይም በየቀኑ ተጨማሪ ክፍያ ይታሰብበታል።

ለሁለት ጓደኛሞች ከሁሉ የሚከብደው የውሉ ክፍል ግን ስለ ተጨማሪ ሾፌር የሚናገረው ነው። ብዙ ኩባንያዎች የተከራዩን የትዳር ጓደኛ ያለ ክፍያ እንዲነዳ ይፈቅዳሉ፤ ተራ ጓደኛ ግን በአካል ቀርቦ፣ መንጃ ፈቃዱን አሳይቶ፣ በየቀኑ የሚታሰብ ክፍያ ተከፍሎበት ስሙ ካልተጻፈ በውሉ ዓይን ተሳፋሪ ብቻ ነው። ሒሳብ መተሳሰብ እንደ ነውር በሚታይበት ወዳጅነት ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ክፍያ አላስፈላጊ አድርጎ ሊመለከተውና ሲደክመው ቁልፉን ለጓደኛው ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ስሙ ያልተጻፈ ሰው ሲነዳ አደጋ ቢደርስ፣ ተከራዩ የገዛው ጥበቃ ሊሰረዝና የመኪናው ዋጋ በሙሉ በእርሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ለጓደኛ ሲባል መከፈል ካለበት ገንዘብ ሁሉ ቀዳሚው ይህ መሆኑን አስረግጦ መናገር ያስፈልጋል።

ጥበቃው ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ሲዲደብሊው የሚባለው ሲሆን፣ በትክክለኛ ትርጉሙ ኢንሹራንስ ሳይሆን፣ የተከራየው መኪና ቢጎዳ ኩባንያው ከተከራዩ ካሳ ላለመጠየቅ የሚገባው ቃል ነው። ሁለተኛው ላያቢሊቲ ይባላል፤ እርሱም በሌላ ሰው አካል ወይም ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍል ኢንሹራንስ ነው። የራሱ መኪና ያለው ሰው የገዛው ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ የኪራይ መኪናንም ይሸፍናል፤ መኪና የሌለው ግን ይህ መከታ ስለሌለው፣ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ላያቢሊቲውን ቢያስቀድም ይሻላል፤ የተጎዳ መኪና ዋጋው ሲበዛ የመኪናው ዋጋ ነው፣ የተጎዳ ሰው ሕክምና ግን በአሜሪካ ወሰን የለውም።

ቁልፉን ከተቀበሉ በኋላ መኪናውን ዞሮ ማየት፣ ከመከላከያው በታች ያለውን ጭረትና የጎማውን ቸርኬ ሳይቀር በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ የነዳጅ መጠን የሚያሳየውን ሰሌዳም አብሮ መቅረጽ ያስፈልጋል። በብዙ መኪኖች በዚሁ ሰሌዳ ላይ ከነዳጅ ማደያው ሥዕል አጠገብ ያለችው ትንሽ ቀስት የነዳጅ መሙያው ክዳን በየትኛው ጎን እንደሆነ ታመለክታለች፤ በማያውቁት መኪና ማደያ ገብተው በተሳሳተ ጎን ላለመቆም ትጠቅማለች።

ወደ ተራራው የሚወስደው ኢንተርስቴት 66 የተባለው አውራ ጎዳና ነው። በመንገዱ ላይ ያሉት ኤክስፕረስ መስመሮች ዋጋቸው እንደ ትራፊኩ መጨናነቅ የሚዋዥቅ ሲሆን፣ ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2022 ወዲህ በነጻ የሚያልፈው ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው የያዘና ለዚህ የተዘጋጀውን መሣሪያ የገጠመ መኪና ብቻ ነው፤ ሁለት ጓደኛሞች ይከፍላሉ። ዋሽንግተንን የሚዞረውን ቀለበት መንገድ ካለፉ በኋላ ከጎን ባሉት ተራ መስመሮች መሄድ ግን ምንም አያስከፍልም። ስለ ፍጥነትም የቨርጂኒያ ሕግ ብርቱ ነው። በሰዓት ከ85 ማይል፣ ማለትም ከ137 ኪሎ ሜትር፣ በላይ መንዳት፣ ወይም ከተፈቀደው በ20 ማይልና ከዚያ በላይ መብለጥ ተራ የትራፊክ ጥፋት ሳይሆን እስከ 12 ወር እስራት ሊያስቀጣ የሚችል ወንጀል ነው።

ፍሮንት ሮያል ከምትባለው ትንሽ ከተማ ነዳጅ ሞልቶ መግባት ብልህነት ነው፤ የስልክ ኔትወርክም በተራራው ላይ ስለሚቆራረጥ ካርታውን አስቀድሞ ማውረድ ይጠቅማል። የፓርኩ መግቢያ የሚከፈለው በመኪና እንጂ በሰው ቁጥር አይደለም። ከዚህ የሚነሳው ስካይላይን ድራይቭ የተባለው መንገድ በተራራው አናት ላይ 105 ማይል፣ ማለትም 169 ኪሎ ሜትር፣ ይዘልቃል፤ የፍጥነት ወሰኑም 35 ማይል ነው። ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ከፍታው የሚያስደንቅ አይደለም፤ የፓርኩ ከፍተኛ ጫፍ ሆክስቢል 1,235 ሜትር ሲሆን የአዲስ አበባን ከፍታ እኩሌታ ያህል ነው። የሚያስደንቀው መንገዱ የተራራውን ጀርባ ተከትሎ በመሄዱ በምሥራቅ ፒድሞንት የተባለውን ዝቅተኛ አገር፣ በምዕራብ የሸናንዶዋን ሸለቆ በየተራ ማሳየቱ ነው። በጥቅምት አጋማሽ ደግሞ ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ሲፈርስ ተሸፍኖ የቆየው ቢጫ ይወጣል፣ በአንዳንዱ ዛፍም ቀይ ቀለም አዲስ ይሠራል፤ በዚያን ጊዜ ቅዳሜና እሑድ መንገዱ በመኪና ስለሚጣበብ በሥራ ቀን ዕረፍት ወስዶ መሄድ ይመረጣል።

የመንገዱ ታሪክ ግን ከመልኩ የበለጠ ያከራክራል። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1931 ሲሆን፣ በመንገዱ ዳር የሚታየውን የድንጋይ ካብ አብዛኛውን የሠሩት በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን መንግሥት የቀጠራቸው ሥራ አጥ ወጣቶች ናቸው፤ በወር ከሚከፈላቸው 30 ዶላር 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰባቸው ይላክ ነበር፤ ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልክ ስደተኛ ይህን ሲያነብ ነገሩ አይርቀውም። በሌላ በኩል የቨርጂኒያ መንግሥት መሬቱን ለፓርኩ ሲያስረክብ በተራራው ላይ የሚኖሩ በመቶ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች፣ አንዳንዶቹም በግዴታ፣ ተነቅለዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን እንዲኖሩ ከተፈቀደላቸው ጥቂት አረጋውያን የመጨረሻዋ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው።

ለጥቁር ተጓዥ ደግሞ ሊቆምበት የሚገባው ቦታ ሉዊስ ማውንቴን ነው። በስካይላይን ድራይቭ የማይል ቁጥር 57 ተኩል ላይ የሚገኘው ይህ የድንኳንና የሽርሽር ቦታ እ.ኤ.አ. በ1939 ሲከፈት ለጥቁሮች ብቻ የተከለለ ነበር፤ ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1950 ነው። ዛሬ ሁለት ሐበሾች የጾም በያይነቱን በሳህን ዘርግተው፣ ቡናውንም በፔርሙስ ይዘው የትኛውም ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ የሚጠይቃቸው የለም፤ ይህ የሆነው ግን ተከራክረው ባስለወጡ ሰዎች ድካም መሆኑ ሊታወስ ይገባል። ከምግብ የተረፈውን ድብ በማይከፍተው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ መጣል ግዴታ ነው፤ የሰው ምግብ የለመደ ድብ ለሰው አደገኛ ይሆናልና።

ከዚያ ወደ ሰሜን ተመልሶ በቶርንተን ጋፕ መውጫ መውረድና በስፔሪቪልና በዋረንተን በኩል ወደ ከተማ መግባት ይቻላል። ሲመሽ አጋዘን መንገድ ስለሚያቋርጥ፣ ቀኑን ያልነዳው ጓደኛ መሪውን የሚይዝበት ትክክለኛ ሰዓት ይህ ነው። መኪናው ነዳጅ ተሞልቶ ይመለሳል፤ የአውራ ጎዳናው ክፍያ ካለ ግን ኩባንያው የራሱን የአገልግሎት ዋጋ ጨምሮ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ከፈራሚው ካርድ ስለሚቆርጠው፣ ጓደኛሞቹ ወጪውን እኩል የሚካፈሉ ከሆነ የመጨረሻውን ሒሳብ የሚዘጉት ይህ ደረሰኝ ከመጣ በኋላ ነው።