ዋጋ መጨመሩ ብቻ ትርፍ አይደለም

በምዕራብ ጎጃም አዲሱ የበቆሎ ምርት ከኅዳር ጀምሮ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ዋጋው ይወርዳል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይወጣል። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ከአባሎቻቸው ገዝተው በመጋዘን የሚያቆዩትም የዋጋው ልዩነት ለአርሶ አደሩ እንዲተርፍ ነው። ይሁን እንጂ ልዩነቱ ሁልጊዜ ትርፍ አይሆንም።

ለአብነት አንድ ዩኒየን አንድ ኩንታል በቆሎ በ3 ሺህ ብር ገዛ እንበል። ገንዘቡን በዓመት 16 በመቶ ወለድ ተበድሮ ከሆነ የስድስት ወሩ ወለድ 240 ብር ነው። ለከረጢት፣ ለጫኝና አውራጅ እንዲሁም ለመጋዘን 120 ብር ቢያወጣ አጠቃላይ ወጪው 3 ሺህ 360 ብር ይደርሳል። ነቀዝ 3 ኪሎ ግራም ቢበላ ለሽያጭ የሚቀርበው 97 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። በመሆኑም የኩንታሉ ዋጋ 3 ሺህ 400 ብር ቢገባ እንኳ ዩኒየኑ በየኩንታሉ 62 ብር ይከስራል። ኪሳራ እንዳይገጥመው ቢያንስ 3 ሺህ 464 ብር መሸጥ ይኖርበታል።

ይህ የመጋዘኑ ሂሳብ በምጣኔ ሀብት ትምህርት ማይክሮ ኢኮኖሚክስ በሚባለው ዘርፍ ይመደባል። ማክሮ ኢኮኖሚክስ ደግሞ ወለድን፣ የዋጋ ንረትንና የውጭ ምንዛሪን የመሳሰሉ አገር አቀፍ ጉዳዮችን ይመለከታል። ሥራ አስኪያጁ እነዚህን መወሰን ባይችልም መከታተል ግን ግዴታው ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ወለዱ 20 በመቶ ቢሆን መነሻ ዋጋው ወደ 3 ሺህ 526 ብር ከፍ ይላል።

የውጭ ምንዛሪም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የአፈር ማዳበሪያ በዶላር ተገዝቶ የሚገባ በመሆኑ፣ መንግሥት ድጎማ ቢያደርግም ለውጡ የአርሶ አደሩን ደጅ ማንኳኳቱ አይቀርም። ሰሊጥ ለውጭ ገበያ የሚያቀርብ ዩኒየን ግን ለአንድ ዶላር ብዙ ብር ያገኛል።

ስለዚህ ትርፍ በብር ብቻ መለካት የለበትም። አንድ ኩንታል በቆሎ አምና ስንት ኪሎ ዩሪያ ይገዛ ነበር? ዘንድሮስ? አባላት በጠቅላላ ጉባኤ፣ የወረዳ ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶችም በኦዲት ወቅት ይህን ሊጠይቁ ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ሂሳቡ መሠራት ያለበት በቆሎው መጋዘን ከመግባቱ በፊት ነው።